የጋሽ መርፌ ተራ

ከፊቱ ሁለት ሰው ሲቀር የአልኮሉ ሽታ ከክፍሉ በር ወጥቶ፣ ጭምብሉን አልፎ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ጋሽ መርፌ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የክትባት ሰልፍ ላይ ቆሟል። ውስጥ ነርሷ አንዲትን ሴት "እጅጌዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ" ስትል ሰማ። ቀጥሎ የሲሪንጅ ወረቀት ተቀደደ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ በሰልፉ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ልኩን እንጀራው ያ ዝምታ ነው።

"መጣሁ" አለ፤ ለማን እንደተናገረ እሱም አላወቀም። ከሰልፉ ወጣ።

"ጋሼ! ወዴት ነው?" አለችው ከኋላው የቆመችው ልብስ ሰፊ።

"ስልኬን... ስልኬን ቤት ረስቼ። ተራዬን ያዢልኝ።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። በረት ውስጥ ሆኖ እንዲሰማው ብሎ ድምፁን እስከ ጥግ የከፈተው ስልክ ነው። የዶሮ አንገት እንደሚያንቅ ሰው ኪሱን ጨምድዶ ያዘና እርምጃውን አፈጠነ።

"ጋሽ መርፌ!" አለ ሥጋ ሻጩ ከሰልፉ ጭራ። "ቤት የረሳኸው ስልክ ተከትሎህ መጥቷል!"

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ዞር ብሎ አላየም። የትምህርት ቤቱን ሜዳ አቋርጦ፣ የብረት በሩን አልፎ፣ መንገዱ ላይ ሲደርስ ብቻ አየር ሳበ።

ጋሽ መርፌ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። እናቱ ያወጣችለትን የሚያውቁት የመሥሪያ ቤቱ ደሞዝ ከፋይና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራበት። ከወጣትነቱ ጀምሮ ከብት ከታቢ ነው። የበረዶ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከከተማዋ ዳር አንሥቶ እስከ ሩቅ መንደሮች ድረስ ያልረገጠው በረት የለም። እሱ ሲወጋ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። የበሬው ባለቤት ቀንድ ይይዛል። ጋሽ መርፌ የበሬውን አንገት በመዳፉ አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል፤ እንደገና መታ ያደርጋል፤ በሦስተኛው መዳፉ ውስጥ መርፌ አለ። በሬው ሦስተኛውን ከፊተኞቹ ሳይለይ ነገሩ ያልቃል።

"አውራው" ይለዋል ባለቤቱን። "ቀንዱን ይዘህ የመጣልህን አውራው። በሬ ነገሩን አይሰማም፣ ድምፁን ነው የሚሰማው።"

ይህ ሰው ነው እንግዲህ መርፌ የሚፈራው። ሲወጋ አይደለም፤ ሲወጉት ነው። ከየት እንደመጣበት አያውቅም፤ ብቻ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነገር ነው። ሲታመም ኪኒን ይለምናል፤ ኪኒን ከሌለ ታሞ ይከርማል። አንድ ጊዜ መንጋጋውን ሊያስነቅል ሄዶ፣ ጥርስ ሐኪሙ ማደንዘዣውን ሲያነሣ "ተወው፤ እንዲሁ ንቀለው" ብሎት ነበር። ጥርሱ እንዲሁ ተነቀለ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ፤ "ወንድ ማለት እሱ ነው!" ተባለለት። ለጀግንነቱ የተሸለመው ይህ ዝና ከፍርሃቱ የተወለደ መሆኑን ለማንም አልነገረም። ማን ይናገራል?

ወረርሽኙ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭር ባለ ጊዜም አልተነቃበትም። መርማሪዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ያንን ረጅም እንጨት አፍንጫው ውስጥ እንዲከቱለት መጀመሪያ ቀርቦ ጭንቅላቱን ያቀናው እሱ ነበር። "አፍንጫ ምን አለበት? ሲፈጠርም ቀዳዳ አለው" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ቀዳዳ የሌለው ክንድ እንደሚከተል ያኔ አላሰበም።

ክትባቱ መጥቷል ሲባል ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ቶሎ የመጣ መድኃኒት ቶሎ ይገላል የሚል ነበር፤ ከሞት በኋላ የመጣ መድኃኒት ምን ያደርጋል የሚልም ነበር። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ያን ያህል ቀብር በሩቅ ቆመው ያዩ፣ ማንን እንደሚያምኑ የጠፋቸው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ሥጋ ሻጩ "ጋሽ መርፌ ከተወጋ እኔም እወጋለሁ፤ መድኃኒት ያውቃል" አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ረጋ። ሰፈሩ በሙሉ ዐይኑን እሱ ላይ ጣለ፤ እሱም ክብሩ አሞቀውና "ምን ችግር አለ? አብረን እንሄዳለን" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። በጤና ጣቢያ ጽዳት ስለምትሠራ እሷ ቀደም ብላ ተከትባለች።

"ስደውልልህ ለምን አታነሣም?"

"አንቺ ነበርሽ?"

"ማን እንዲሆንልህ ፈልገህ ነበር? ተወጋህ ወይ ልልህ ነው።"

"ሰልፉ ረጅም ነው። ረገብ ሲል እመለሳለሁ።"

ሚስቱ ከበርሜሉ ያወጣችውን አንሶላ አንድ ጫፍ አቀበለችው፤ ሌላውን ራሷ ይዛ ወደ ኋላዋ ሄደች። በየፊናቸው እየጠመዘዙ ተያዩ።

"ረጅም ነው?" አለች።

"ረጅም ነው።"

"እንዴት ያለ ረጅም ቢሆን ነው ጥጃ ፍለጋ ተራራ የሚወጣን ሰው ያደከመው?"

አንሶላውን የባሰ ጠመዘዘው። ውሃው በመካከላቸው ተንጠባጠበ። አንሶላውን ገመድ ላይ ሳይዘረጉት የግቢው በር በቡጢ ተመታ።

ሥጋ ሻጩ ነው። ጭምብሉን አገጩ ላይ እንደ ጢም አውርዶ፣ ከበሩ ሳያልፍ እንደ ዘመኑ ደንብ ራቅ ብሎ ቆመ። ፊቱ ላይ ምሥጢር የተካፈለ ሰው ደስታ ይነበብ ነበር።

"እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"አትደብቀኝ እንጂ! አንተ ከወጣህ በኋላ ሰልፉ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በጎች ጅብ ሲሸታቸው አይተህ የለ? እንደዚያ። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ አንዷ ምጣድ ጥጄ መጣሁ አለች፣ ሌላው ምንም ሳይል ሄደ። ግቢው ኦና ሆነ። አዋቂው ከሸሸ እኛ ምን ቤት ነን?"

ጋሽ መርፌ እጁ ላይ የቀረውን ውሃ ሱሪው ላይ ጠረገ። "ስልኬን ረስቼ ነው ብዬ ነገርኳችሁ አይደል?"

"ስልክህማ አለሁ አለሁ ሲል ሁላችንም ሰማነው።" ሥጋ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ፣ አንተ ውሸታም ሰው አይደለህም። ውሸት የማያውቅ ሰው የዋሸ ዕለት ከኋላው ትልቅ ነገር አለ። የመድኃኒቱ በረዶ ቀልጧል አይደል? እኔ ሥጋ ሲበላሽ ሳልነካው ከበር አውቀዋለሁ። አንተም ከበር ሸተተህ። ሙያህ ነው።"

"ምንም አልሸተተኝም። መድኃኒቱ ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን ወጣህ?"

ጋሽ መርፌ አፉን ከፈተ። ቃሉ አጭር ነበር፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "ደም ግፊቴ..." አለ።

ሥጋ ሻጩ አየውና ዐይኑን ጠቀሰ። "ገባኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፣ እንጀራህ ነው፣ መናገር አትችልም። ዝም በለኝ ብቻ፤ ዝምታህን እኔ አነበዋለሁ።"

"የምን ዝምታ ነው የምታነበው አንተ ሰውዬ? ደህና ነው አልኩህ እኮ!"

"እሺ፣ እሺ። ደህና ነው።" እንደገና ጠቀሰው።

"ልብስ ሰፊዋስ?" አለ ጋሽ መርፌ በድንገት። "እሷስ ተወጋች?"

"እሷ ናት እኮ መጀመሪያ የወጣችው! ካንተ ኋላ አልነበረች? ተራህን ትንሽ ያዘችልህ፤ ነርሷ ‘ተረኛ’ ስትል ወደ በሩ አየች፣ አንተ ወደሄድክበት አየች፣ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላ ሄደች። ብልህ ሴት ናት።"

ሥጋ ሻጩ ሄደ። ጋሽ መርፌ አንሶላው ሥር ቆሞ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ከእሱ ቤት ሁለት አጥር አልፋ ነው የምትኖረው። ደረቷ ደካማ ነው፤ አቧራ ሲነሣ ትንፋሿ ያፏጫል። እህቷም እንደዚያው ነበረች። ሁለቱ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። በሽታው በበረታበት ሰሞን እህቷ አየር አጠራት፤ ሆስፒታል ገባች፤ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘግታ በመስኮት ትሠራ ነበር። ጨርቁን በቅርጫት ትቀበላለች፤ ሜትሩን በመስኮት ትወረውራለች፤ ደንበኛው ራሱን ለክቶ ቁጥሩን ከውጭ ይነግራታል። ሰው ደግሞ ስለ ወገቡ እውነት አይናገርም። በዚያ ዓመት ሰፈሩ በሙሉ ሱሪ ጠቦት ከረመ።

"ንገራቸው" አለች ሚስቱ። በገመዱ ማዶ ስለነበረች ፊቷ አይታይም።

"ምኑን?"

"እኔ የማውቀውን።"

"ምን ታውቂያለሽ አንቺ?"

"ልጃችንን ያስከተብን ዕለት ‘ግቡ፣ እኔ ውጭ ልጠብቅ’ ያልከኝ ለምን ነበር? በመስኮት አይቼሃለሁ። ሕፃኗ ገና ሳታለቅስ አንተ ጆሮህን ይዘህ ቁጭ ብለህ ነበር።"

ጋሽ መርፌ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ አያት። "ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽ?"

"የሰው ፍርሃት እንደ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል እንዴ? ያንተ ነው፤ ደብቀህ ኖርክ፤ ማንንም አልጎዳህም። ዛሬ ግን የሌላ ሰው ነፍስ ገባበት።" እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው። አልተቆጣችም ነበር፤ ያም ነው ያስደነገጠው። "የከታቢዎቹ መኪና ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ለሌላ ሰፈር ደርሶ እስኪመለስ ማን ያውቃል?"

ልብስ ሰፊዋ መስኮት ሥር ሲደርስ የስፌት መኪናው እየዞረ ነበር። በመጋረጃው ክፍተት ጎንበስ ብላ ስትሰፋ አያት። ከጎኗ የእህቷ መኪና በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ።

"ጋሼ!" መስኮቱን በስንጥቅ ከፈተች። ጭምብል አድርጋለች፤ ዐይኗ ግን ይስቅ ነበር። "እግዜር ይስጥህ። ልመጣና ላመሰግንህ እያሰብኩ ነበር።"

"ስለምኑ?"

"ስላዳንከኝ ነዋ። አንተ ባትሆን ገብቼ ነበር። የሰው ፊት ሳትፈራ ጥለህ ስትወጣ ‘ጋሼ ያየውን አይቷል’ አልኩ። ምን እንደሆነ ንገረኝ አልልህም፤ ሥራህ ነው።"

ጋሽ መርፌን ብትሰድበው ይሻል ነበር። እንደ ውለታ መክፈያ አንዲት የተቀደደች ጃኬቱን አስታውሳ "አምጣት፣ በነፃ እሰፋልሃለሁ" ስትለውማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ስሚኝ" አለ። "መድኃኒቱ ምንም የለበትም። አሁኑኑ ሄደሽ ተወጊ።"

"አንተስ?"

"እኔ... እኔ ሌላ ቀን።"

"ታዲያ እኔም ሌላ ቀን።"

ሌላ ቀን። ይህን ቃል ስንት በረት በር ላይ ሰምቶታል! ‘ሌላ ቀን ና፣ ዛሬ ላሟ አልተመቻትም።’ ‘ሌላ ቀን፣ በሬው ደክሞታል።’ ባለ ከብቱ ዐይኑን በጨው አጥቦ ሲናገር እሱ በሆዱ ይስቅ ነበር። ሌላ ቀን የተባለለት ከብት አንዳንዱ ሌላ ቀን አይደርስም። አሁን የእነሱ ምክንያት ከገዛ አፉ ሲወጣ ሰማው።

"እፈራለሁ" አለ።

"ማንን?"

"መርፌ።"

ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ሰፋ አደረገችው። "ምን?"

"መርፌ እፈራለሁ። ሲወጉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ተራዬ ሲደርስ ልቤ ከዳኝና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ይኸው ነው። ምንም ያየሁት፣ ምንም የሸተተኝ ነገር የለም።"

አንዴ አየችው። ከዚያ መሣቅ ጀመረች። ጨርቁን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ደግሞ ወደዚያ ወደሚያፏጨው ትንፋሽ። የመስኮቱን ደፍ ጨብጣ፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ፣ አየሩን እየቆራረሰች ሳበች። ጋሽ መርፌ ከውጭ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። ትንፋሿ ሲመለስ ሣቁ አብሯት አልነበረም።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔን ለማስወጋት ብለህ ይህን ያህል ራስህን አታዋርድ።"

"እውነቴን ነው!"

"ጥርስህን እንኳ ያለ ማደንዘዣ ያስነቀልክ ሰው!"

"ማደንዘዣው እኮ መርፌ ነው!" አለ፤ ጮኸ ማለት ይቀላል። "እሱን ፈርቼ ነው!"

ዐይኗ ወደ ተሸፈነው መኪና ሄዶ ተመለሰ። አላመነችውም፤ አልካደችውምም። ጋሽ መርፌ የገባው ያኔ ነው። ዕድሜ ልኩን የገነባው ስም ከቃሉ በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። እውነቱን ቢምልበትም ስሙ ይረታዋል።

"የአፌን አትቀበዪ" አላት። "ነይና በዐይንሽ እዪ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።"

መንገዱ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ሄዱ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። በየአጥሩ ጭንቅላት ብቅ አለ። "ጋሽ መርፌ ተመለሰ!" የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ሮጠ። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ሥጋ ሻጩን ጨምሮ ከሰልፉ የወጡት ግማሾቹ ተሰብስበው ነበር፤ ሊከራከር ነው፣ የከታቢዎቹን መኪና ሊያስቆም ነው ብለው።

ነርሷን ዕቃዋን ስትሰበስብ አገኛት። ወጣት ናት፤ ዐይኗ ሥር ጭምብሉ የተወው ሰንበር አለ።

"አባባ፣ ስልክዎን አገኙት?" አለችው ቀና ሳትል።

"አገኘሁት።"

"እንኳን አገኙት። እኔ ሰው ነው ያጣሁት።" ትንሿን ብልቃጥ በሁለት ጣቷ አንሥታ አሳየችው። "ተከፍታለች። ጥቂት ከቆየች አይሆንም፤ ልደፋት ነው።"

ጋሽ መርፌ ብልቃጧን አየ። የተከፈተ መድኃኒት ሲደፋ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ራሱም ደፍቷል። እንዲህ የከበደው ግን የለም።

"አትድፊያት" አለ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ውጭ ይሁንልኝ። ሜዳው ላይ።"

"ለምን?"

"የሚያየኝ ሰው አለ።"

ነርሷ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየች፤ እሱን አየች፤ ግንባሩ ላይ የፈሰሰውን ላብ አየች። ሌላ አልጠየቀችውም። አንድ የተማሪ ወንበር ተሸክማ ወጣችና ከክፍሉ ግድግዳ ጥግ፣ ጥላው ሥር አስቀመጠችለት።

ተቀመጠ። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። እጅጌውን ሊሰበስብ ሲሞክር ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ አንዷን ቁልፍ ሦስቴ ሳታት። ሥጋ ሻጩ "ምነው ጋሽ መርፌ፣ ብርድ ነው?" አለ። አንዳንዱ ሣቀ። እግሩ ግን ከወንበሩ ሥር እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ሲንቀጠቀጥ ሲያዩ ሣቁ እየሳሳ ሄደ። ሥጋ ሻጩም ጭምብሉን ከአገጩ ወደ አፉ መለሰ፤ እጁ የሚሠራው ነገር አጥቶ ይመስላል።

ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም ቀድማ ቀረበች። መጣችና እጅጌውን እሷው ሰበሰበችለት፤ እንደ ልብስ ሰፊ፣ እጥፍ እጥፍ አድርጋ። ክንዱ በረዶ ሆኖ ነበር።

"እውነትህን ነው" አለች በሹክሹክታ።

"አልኩሽ እኮ።"

"አሁን ምን ላድርግልህ?"

"ቀንድ ያዢልኝ" አለ። ሊቀልድ ነበር። "ቀንድ ያዥው... ያወራለታል። የመጣለትን።"

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አመነታች። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሰው ነክታ አታውቅም። ከዚያ መዳፏን ሸበቶ ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈችና ማውራት ጀመረች። "ሥጋ ሻጩ ሱሪ ስፊልኝ ብሎኝ ወገቡን ስንት ነው ቢለኝ ጥሩ ነው? እኔ ደግሞ አምኜው ቆረጥኩ። በማግስቱ ለብሶት መጣ፤ ቁልፉ ተፈናጥሮ መስኮቴን መታው..."

"ወሬኛ!" አለ ሥጋ ሻጩ ከሩቅ። "መስኮቱን አልነካም!"

የሲሪንጁ ወረቀት ተቀደደ። ጥጡ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ጋሽ መርፌ ዘለለ፤ ወንበሩ ተንቋቋ። የብረት በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው።

ነርሷ ጎንበስ አለችለት። ልጅ ብትሆንም ድምፅዋ የእናት ነበር። "አባባ፣ ሲፈሩ ማየቱ ነው የሚያስቸግረው። ወደ ግድግዳው ይዙሩልኝ። ሰዉም ፊትዎን አያይብዎትም።"

ጋሽ መርፌ ግድግዳውን አየ። ያረጀ ሰማያዊ ቀለም፣ የልጆች የኖራ ጽሕፈት፣ ጥላ። እዚያ ውስጥ ፊትን ደብቆ ነገሩን ማሳለፍ ይቻላል። ከዚያም ተነሥቶ፣ እጅጌውን አውርዶ፣ ‘ምንም አይደል’ እያለ መሄድ ይቻላል። ጥርሱን እንዳስነቀለ ጊዜ።

ቀና ብሎ ልብስ ሰፊዋን አያት። ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ወገብ ታወራለች፤ መዳፏ ግን ራሱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም ትፈራለች። የሷ ፍርሃት መርፌውን ሳይሆን አየር የማጣቱን ነው፤ ያ ደግሞ ከእሱ ፍርሃት ይልቅ እውነት ነው።

"የለም" አለ።

በሁለት እጁ የልጅ ወንበሩን ጎንና ጎን ጨበጠ፤ እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ ብድግ ብሎ ወንበሩን አዞረው። የወንበሩ እግር ሲሚንቶውን ሲፍቅ ድምፁ ሜዳውን ሞላ። ግድግዳው ጀርባው ሆነ። ላብ የወረደበት ግንባሩን፣ እንባ ያቀረሩ ዐይኖቹን፣ የሚንቀጠቀጥ ጉልበቱን ይዞ በሩ ላይ ከቆመው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተያየ።

"እንዲህ ይሁን" አለ ለነርሷ፤ ክንዱን ሰጣት።

ነርሷ ክንዱን በመዳፏ መታ አደረገች። መታ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ ራሱን እንደያዘች፣ ወሬዋ መሐል ላይ ቆማ፣ በሌላው እጇ የራሷን እጅጌ ማጠፍ ጀመረች።